የቶርኪል ዝምታ

ስቬንቦርግ ወደብ ላይ ባለ ሦስት ምሰሶዋን የሸራ መርከብ «ቴርነን»ን የሚያውቅ ሁሉ ቶርኪልን ያውቃል። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ መርከቧን የሚንከባከቡትን በጎ ፈቃደኞች ተቀላቀለ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨቷን ሲፍቅ፣ ገመዷን ሬንጅ ሲቀባ ኖሮ ጥቁረቱ ከጥፍሩ ሥር አልወጣ ብሏል። ሚስቱ «ጣውንቴ ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ስትለው ይስቃል፤ አልዋሸችም ግን።

ጉድሩን የመጣችው ባለፈው መከር ነው፤ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት። ገመድ መቀጠልና ማሰር ያስተማራት ራሱ ቶርኪል ነበር። እሱን ሁለት ዓመት የፈጀበትን እሷ በሁለት ወር ለቀም አደረገችው።

«ይቺ ሴትዮ ጣቷ ዓይን አለው እንዴ?» ይላል ሰዉ። ቶርኪል ወደ ሬንጁ ጎንበስ ይላል።

ሚያዝያ ላይ ካፒቴን ኢብ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «የዘንድሮው የፊት ምሰሶ አለቃ ጉድሩን ናት» አለ። ምሰሶው ላይ ወጥተው ሸራ የሚፈቱትን የመምራቱ ቦታ እስከ አምና የቶርኪል ነበር። «አንተ ጉልበትህን ያምሃል፤ ቀስ ብለህ እየወጣህ ሥራቸውን ታይልኛለህ» አለው። ቶርኪል አጨበጨበ። እቤቱ ገብቶ ግን እህል አልቀመሰም።

በዓመቱ የመጀመሪያ ጉዞ ዋዜማ ሊፈትሽ ምሰሶው ላይ ወጣ። ሸራው የሚታሰርበት አግዳሚ እንጨት ሥር፣ ሠራተኞቹ የሚቆሙበት ገመድ አለ። የገመዱን ጫፍ ያሰረችው ጉድሩን ነበረች፤ ማሰሪያው ላልቷል። ቶርኪል ሊያጠብቀው እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። «ካፒቴኑ ራሱ ይየው፤ ጎበዝ ያላትን ይታዘባት» አለ በልቡ።

ካፒቴኑ ግን አልወጣም። «አንተ አይተኸዋል አይደል? ይበቃኛል» አለው።

ቶርኪል ዝም አለ።

በማግሥቱ መርከቧ ከወደቡ እንደራቀች ሸራ እንዲፈታ ታዘዘ። ጉድሩን ከፊት ሆና ወጣች። ቶርኪል ከታች ሲያያት ያ ሁሉ ቅናቱ በአንድ ጊዜ ፍርሃት ሆነበት።

«ጉድሩን! ገመዱን እንዳትረግጪው!»

አንድ እግሯን አሳርፋ ነበር። ገመዱ ከሥሯ ከዳት፤ በደኅንነት መታጠቂያዋ ተንጠለጠለች። አጠገቧ የነበሩት ጎትተው አወጧት። ትከሻዋ ከመላጡ በቀር ምንም ሳትሆን ተረፈች።

«ተባረክ! የንስር ዓይን አለህ!» እያሉ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ጉድሩን ከወረደች በኋላ ጠጋ አለችው።

«ከዚህ ታች ሆነህ እንዴት ታየህ?»

«የንስር ዓይን» ብሎ መሳቅ ይችል ነበር። አላስቻለውም።

«ትናንት ነው ያየሁት። ቀንቼብሽ ዝም አልኩ።»

ካፒቴኑም ሰማ። አልጮኸም። በሚቀጥለው ወደብ አወረደው።

ቶርኪል ከዚያ በኋላ ለወራት ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ አላለፈም። መስከረም ላይ በሩ ተንኳኳ። ጉድሩን ናት፤ በእጇ ገመድ ይዛለች።

«የት ጋ እንደተሳሳትኩ ማንም በወጉ ያሳየኝ የለም» አለች።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሳያት። አንዴ አየችና ደግማ አሰረችው፤ ከእሱ የተሻለ። ያ የሚያውቀው የቅናት ትል ልቡን ነከሰው።

«ዛሬም እቀናብሻለሁ» አላት።

«ቅና! ማን ከለከለህ? ዝም ብለህ አትግደለኝ እንጂ» አለችው። ከዚያ ዳቦና የሄሪንግ ዓሣ አቀረበላት፤ አብረው በሉ።

በኅዳር ወደ መርከቧ ተመለሰ። ፍተሻውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ እሱ ከታች ሬንጅ ይቀባል። ጉድሩን ምሰሶው ላይ ስትወጣ ግን ዛሬም ሥራውን ትቶ ቀና ይላል፤ ሲያያት ቅናቱ ያመዋል፤ እስክትወርድም ዓይኑን አይነቅልም።