አያ ፋንታሁንና አርባው መልስ

አያ ፋንታሁን የውሃ ቧንቧ አድማጭ ናቸው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የት ላይ እንደሚያፈስ የሚያገኙት በጆሯቸው ነው፤ የብረት ዘንጋቸውን አንዱን ጫፍ አስፋልቱ ላይ ተክለው ሌላውን ጆሯቸው ላይ ያስጠጉና ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎንደርን እንዲህ ሲያዳምጧት ኖሩ።

ደጉ ጊዜ! ዓርብ ዓርብ አራዳ ላይ ሱቆች ለጁምዓ ሲዘጉ፣ የጨርቅ ነጋዴው ዐብደላ «ፋንታ፣ ጸጥታውን ትቼልህ ሄድኩ» እያለ ወደ መስጊድ ያዘግም ነበር። ያኔ ባጃጅ የሚባል ጉድ አልመጣም። አያ ፋንታሁን «ከዚህ ክንድ ተኩል ወደ ግራ» ካሉ ቆፋሪው ሳያቅማማ ዶማውን ያነሣል። ያ ዘመን ትዝ ሲላቸው ዛሬም ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

አሁን ግን ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ድምፅ መኖሩን እንጂ ማየል ማነሱን አይለዩም፤ እሱንም ቢሆን አንዳንዴ የሩቅ ባጃጅ ሰምተው ውሃ ነው ይላሉ። ይህን ለማንም አልተነፈሱም። በዚህ ወር ሁለቴ ያለ ቦታው አስቆፍረዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ከሳቱ መሥሪያ ቤቱ የዕቃ ቤት ዘበኛ ሊያደርጋቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከዚያ ሞት ይሻለኛል ባይ ናቸው።

ሦስተኛው ጥሪ የመጣው ከዚያው ከአራዳ ነው። የፈረቃው ውሃ ቢለቀቅም ሰፈሩ ጠብታ አላየም። አዲሷ መሐንዲስ ናዝራዊት፣ የኮላ ድባ ከተማ ልጅ፣ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ይዘው ሲያመነቱ አየችና ጠጋ አለች።

«አያ ፋንታሁን፣ ድምፁ ምን ያህል ነው አልልዎትም። አለ ወይም የለም ብቻ ይበሉኝ።»

ክው አሉ። ለካስ አውቃለች!

«ብሳሳትስ ልጄ?»

«ይሳሳቱ። ብቻ አርባ ቦታ ያዳምጡልኝ።»

አርባ ቦታ አዳመጡ። እሷ «አለ» ሲሉ መደመር፣ «የለም» ሲሉ መቀነስ ካርታዋ ላይ እያኖረች በላፕቶፗ አሰላች። ነገሩ ተአምር አልነበረም። በዚያ ሁሉ ቧንቧ ላይ ቀዳዳው ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ስለዚህ መልሱ «አለ»ና «የለም» ብቻ ቢሆን፣ ጥቂቱም ስሕተት ቢሆን፣ ብዙውን መልስ የሚያስማማ ቦታ ከአንድ ሁለት አይበልጥም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ! ናዝራዊት ጨርቅ ተራው ጥግ ላይ ለቆፋሪው ምልክት ኖራ በተነች።

ቆፋሪው ጉልበቱ ድረስ እንደገባ ጭቃው ፈነዳ፤ ውሃው የሰው ቁመት ያህል ተተኮሰ። ሰፈርተኛው እልል አለ፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ትከሻቸውን መታ መታ እያደረጉ «ይኸ ነው ጆሮ!» አሏቸው።

አያ ፋንታሁን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ውሃውን አዩት፣ አዩት። ከዚያ ሁሉም እየሰማ፣

«ልጄ፣ ድምፁ ምን ይመስላል? እኔ አጥርቼ መስማት ካቃተኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ።

ናዝራዊት ወደ ጆሯቸው ተጠግታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትነግራቸው ጀመር።