ቧንቧውን መጨረሻ የነካው

ትናንት ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለችው ትንሿ መዋዕለ ሕፃናታችን ወጥ ቤት ውስጥ ሙጫ ስሠራ ነበር። የሱቁ ሙጫ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ እበጠብጥና በትንሽ እሳት ላይ እያማሰልኩ እንደ አጥሚት ወፈር ሲል አወርደዋለሁ፤ በሱም የሣልኳቸውን ሥዕሎች ካርቶን ላይ እለጥፋለሁ። ሥዕሎቹ አራት ናቸው፤ ልጁ ከእንቅልፉ ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ቁርሱን ይበላል፣ በባጃጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ልጆቹ የተደባለቁትን ካርዶች በቅደም ተከተል እንዲደረድሩ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ያን ዕለት ጠዋት የአምስት ዓመቱ ናትናኤል ባጃጁን ከሁሉም ፊት አስቀመጠው። «ናቲዬ፣ ሳይነሣ እንዴት ባጃጅ ላይ ወጣ?» ብዬ ስጠይቀው፣ ነገር የማይገባኝ ሰው እንደሆንኩ ሁሉ አየኝና «ባጃጁ ነዋ የሚያምረው» አለኝ።

ይህን እያሰብኩ ሳማስል የእርጥቡ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ እዚሁ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር፣ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

አራት ቤተሰብ የሚጋራው የኪራይ ግቢ ነበር። መሀሉ ላይ አንድ ቧንቧ ቆሟል፤ ከቧንቧው ዝቅ ብሎ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ የዱቄት ጆንያ የሚያስቀምጡበት መጋዘን አለ። ውኃ በፈለገው ቀን ይመጣል፣ በፈለገው ቀን ይጠፋል። በጠፋ ቀን በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ቧንቧውን ከፈት አድርጎ ጆሮውን ያቀርባል፤ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ካንኮራፋ ውኃው እየመጣ ነው፣ ጭጭ ካለ ግን ዘግቶ መሄድ ነው። አደጋው ያለው ሳይዘጉ በመሄድ ላይ ነው። ውኃው ማንም በሌለበት ሰዓት መጥቶ ግቢውን ሊያጥለቀልቅ ይችላልና፣ የደረቀ ቧንቧ ከፍቶ መተው በኛ ግቢ ከስድብ የከፋ ነውር ነበር።

እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነው፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። ወንድሜ ታምራት ዐሥር ዓመቱ ነበር። አንድ ፍራሽ ላይ ስለምንተኛ ማታ ማታ የትምህርት ቤቱን ወሬ በጆሮዬ ያንሾካሹክልኛል፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን መምህሩ ፊት እንቅልፍ እንደወሰደው። በሳምንቱ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ከጓደኞቹ ጋር ታቦር ተራራ ላይ ስለዋለ አባዬ በጣም ተቆጥቶት ነበር። «አንድ ጥፋት ብትጨምር» አለው፣ «አለታ ወንዶ አጎትህ ጋ ነው የምትኖረው።» አባዬ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ያለውን የሚያደርግ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ያን ሳምንት ታምራት ወደ ቤት ሲገባ እንኳ በሩን ቀስ አድርጎ ነበር የሚዘጋው።

ውኃው የጠፋበት ዕለት ቅዳሜ ነበር። ደጃችን ላይ ተቀምጬ የግቢውን መግባትና መውጣት ስጠብቅ ነው የዋልኩት። አሁን በሥርዓቱ ልንገራችሁ፤ ያኔ አልቻልኩበትምና። ጠዋት ታምራት መጣ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያ ቧንቧው ያንኮራፋ ይመስል እሱ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ አንኮራፋልኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቧንቧውን ዘግቶ ሄደ። ቀጥሎ የጋሽ ሸምሱ ሠራተኛ ከፍቶ ዘጋ። በመጨረሻ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ባልዲ ይዘው መጡ፤ ከፈቱ፣ ባልዲውን ደቀኑ፣ ጠበቁ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በባጃጅ መጥተው በር ላይ ሲጣሯቸው ባልዲውን ብድግ አድርገው ሮጡ። ቧንቧው እንደተከፈተ ቀረ። እኔም ፀሐዩ ሲበረታብኝ ገብቼ ተኛሁ።

ስነቃ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ውኃው መጥቶ መጋዘኑ ውስጥ ገብቷል፤ ጆንያዎቹ ከሥር ከሥራቸው በስብሰው ያ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ጋሽ ሸምሱ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ዱቄቱ መሀል ቆመዋል። እትዬ ዘነበችም ከመዝሙር ተመልሰው በመጥረጊያ ውኃውን ይገፋሉ።

«ግድ የለም፣ ዱቄት ነው፣ ይደርቃል» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ሰው ሁሉ ስለተጨነቀላቸው አፍረው።

«ኧረ ጋሽ ሸምሱ፣ ዱቄት መቼ ይደርቃል፤ ይቦካል እንጂ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ እየጠረጉ። ሰው ሳቀ። አባዬ ብቻ አልሳቀም።

«ይህች ልጅ ደጅ ላይ ነው የዋለችው» አለና ፊቴ ቁጢጥ አለ። «ሚሚዬ፣ ዛሬ ቧንቧውን እነማን ናቸው የከፈቱት?»

ልብ በሉልኝ፤ የጠየቀኝ እነማን እንደከፈቱ ነው። እኔም የማውቀውን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ እትዬ ዘነበች፣ የጋሽ ሸምሱ ሠራተኛ አልኩና፣ ታምራትን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። ወጥ ስበላ ሥጋውን ለመጨረሻ የማቆይ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ሁሉ የጣፈጠኝ የሱ ማንኮራፋት ስለነበር ቆጥቤ አቆየሁት። «ከዚያ ደግሞ ታምራት!» ብዬ እንዳንኮራፋው አንኮራፋሁ።

ሁሉም ዞረው ታምራትን አዩት።

«ዘግቼዋለሁ» አለ ታምራት።

«ሕፃን አይዋሽም» አለ አባዬ።

እውነቱን ነው፤ አልዋሸሁም። አንድም የፈጠርኩት ነገር አልነበረም። አሁን መምህርት ስለሆንኩ ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት እችላለሁ። ትልቅ ሰው ወሬ ሲሰማ የመጨረሻው ስም የመጨረሻው ሰው ይመስለዋል፤ ሕፃን ግን ነገሮችን የሚደረድረው በሚወዳቸው መጠን ነው። ጋሽ ሸምሱ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ልጅ እኮ ነው» ብለው ለመኑ፤ እማዬ ለመነች፤ እትዬ ዘነበችም የራሳቸውን ጥፋት ሳያውቁት ከማንም በላይ ለመኑ። አባዬ ግን ቃሉን ተናግሯል። በማግስቱ ስነቃ የፍራሹ ግማሽ ባዶ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መምህራችን እየተነሣን አንድ የማንረሳውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እንድንናገር አዘዙን። እኔ የቧንቧውን ቀን መረጥኩ። «ከዚያ በፊትስ?» «ከዚያስ ቀጥሎ?» እያሉ ሲመሩኝ፣ እትዬ ዘነበች ባልዲያቸውን ይዘው ወደሮጡበት ደረስኩና አፌ ተያዘ። መምህሩ የረሳሁ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። እትዬ ዘነበችን ማንም አልወቀሳቸውም፤ አባዬ ግን ቅዳሜውን አልጠበቀም፣ በነጋታው ፈቃድ ጠይቆ አለታ ወንዶ ሄደ። እኔና እማዬ በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። አባዬ አንድ ከረጢት አቮካዶ ተሸክሞ ብቻውን መጣ። ታምራት የትምህርት ዘመኑን ልጨርስ ብሏል። አጎቴ ወንድ ልጅ የለውም፤ ሚስቱም አልቅሳለች። ዓመቱ አልቆ ሌላ ዓመት መጣ፤ እንደዚያ እንደዚያ እያለ ታምራት የዚያ ቤት ልጅ ሆነ፤ ሲመጣም ከሲዳምኛው መሀል አማርኛ ፈልጎ የሚያወራ ልጅ ሆኖ መጣ።

ዛሬ እዚያው የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለው። ባለፈው ፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ መጥቶ፣ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩትን ነገር እንደ ካርዶቼ ደርድሬ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ።

«የቱ ቧንቧ?» አለኝ።

መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። እውነቱን ነበር፤ አንድም ነገር አያስታውስም። ዱቄቱንም፣ ማንኮራፋቱንም፣ «ሕፃን አይዋሽም» የተባለውንም። «እኔ የማስታውሰው» አለ፣ «አንቺ ተኝተሽ እንደነበር ነው። እማዬ ልትቀሰቅስሽ ስትል፣ ተያት ታለቅሳለች አልኳት። ከዚያ መናኸሪያ እስክንደርስ፣ ምነው በቀሰቀሰቻት እያልኩ ነው የሄድኩት።»

አብረን የኖርነው አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ውስጥ እኔ የማስታውሰው አንዱን ብቻ ቢሆን ነው። የሱን ዐሥራ ሁለተኛ ዓመት አላውቀውም፣ ዐሥራ አምስተኛውንም አላውቀውም፤ ድምፁ የጎረነነበትን ወራት እንኳ የሰማው ሌላ ቤት ነው። እኔ ታሪካችንን ሁልጊዜ ከዚያች ቅዳሜ ጠዋት ነበር የምጀምረው። ለሱ ግን የሚጀምረው፣ እኔ ተኝቼ፣ እሱ እንዳልነቃ ብሎ ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ሲወጣ ነው።