የወሊሶው ፍልውሃ ምስክር

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት፣ እኔ ፎጣዬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ከሰበታ ወደ ወሊሶ ተነሳሁ። ጃንሆይ ይታጠቡበት ነበር የሚባል የፍልውሃ ገንዳ እዚያ እንዳለ ሰምቼ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ዋና አምሮኝ ነበር።

መንገዱ መሃል ላይ ድንጋይ ተከምሮ ሚኒባሳችን ቆመ። ከማዶ ሌላ መኪና ስላለ በእግራችሁ ተሻገሩ ተባልን። ድንጋዩ አጠገብ ከቆሙት ወጣቶች አንዱ ፎጣዬን አየና፣ «ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ ወዴት ነው?» አለኝ። ልዋኝ ነው ለማለት አፈርኩ። «ወገቤን አሞኝ ነው፤ ለፍልውሃ» አልኩና ጎበጥ አልኩ። ወጣቱ ሳልጠይቀው አዝሎ አሻገረኝ። ላቡ ሸሚዜን ሲያርሰው እንኳ አውርደኝ አላልኩትም።

ገንዳው ውስጥ እንደ ጉማሬ ስንቦጫረቅ ዋልኩ። ዋና ስለማልችል እግሬ ወለሉን ሳይለቅ በእጄ ብቻ ነበር የምቀዝፈው።

ስመለስ በሽታዬን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ድንጋዩን እየዘለልኩ ሳልፍ ያው ወጣት አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ።

«ስንት ቀን ተነከሩ?» አለኝ።

«ዛሬን ብቻ።»

«እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመቷ ነው» አለ። «ነገ አዝዬ እወስዳታለሁ።»

ወገቤን ይዤ ማቃሰት ጀመርኩ። እሱ ግን ለእናቱ ሊነግራት እየሮጠ ነበር።