የጋሽ ዘሪሁን ባትሪ እና የእኔ ሸሚዝ

ይህ የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በጥር ወር፣ ላፍቶ ገና ግማሹ እርሻ በነበረበት ጊዜ ነው። በሰርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ስንት ጊዜ እንዳወራሁትና ስንቱን ሰው እንዳሳቅኩበት አላስታውስም። ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ስለሚያስቅ አይደለም። ባወራሁት ቁጥር አንድ ነገር እየዘለልኩ ስለነበረ ነው።

ጋሽ ዘሪሁን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ኖሮ ጡረታ ወጣ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በእሱ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነበር። ኪራይ ተቀብሎን አያውቅም። ያኔ ይህን እንደ መብቴ ነበር የምቆጥረው።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ውጭ አገር የሚኖር የድሮ ባልደረባው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብስክሌት ላከለት። ሰፈራችን መብራት በፈረቃ በሚያገኝበት ዘመን በመብራት የሚሄድ ብስክሌት! ላኪው ወይ ቀልደኛ ነው ወይ አገሩን ረስቷል ብዬ ነበር። መልኩ ያው ብስክሌት ነው፤ ግን ከመቀመጫው ሥር ብሎኬት የሚያክል ባትሪ ተሸክሟል። ለሁለት ካልሆነ የበረንዳውን ደረጃ እንኳን አይወጣም። ጋሽ ዘሪሁን ማታ ማታ በንጹሕ አንሶላ ይሸፍነዋል፣ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ያራግፍለታል። እኔ “ሙሽሪት” የሚል ስም አወጣሁለት፤ ስሙም በሰፈሩ ተዛመተ።

“በሙሉ ባትሪ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል” ይላል፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ።

እሑድ እሑድ ገጠር ለገጠር ይዞረው ነበር። አንድ ደብተር አለው። የሄደበትን፣ የተነሳበትን ሰዓት፣ ባትሪው ያለቀበትን ቦታና ምክንያቱን ይጽፍበታል። “አቃቂ፣ ደርሶ መልስ። ደህና።” “ሆለታ። መናገሻ ላይ ቆመ። ምክንያት፦ የፊት ለፊት ነፋስ።” ይህችን የነፋሷን ነገር መሥሪያ ቤት ወስጄ ለሳምንት ሳቅንባት። ነፋስ ያቆመው መኪና ማን አይቶ ያውቃል? ከመናገሻ በግ በጫነ አይሱዙ ላይ፣ በጎቹ መሃል ቆሞ ነው የተመለሰው። እሱ ግን አይከፋውም። “ምክንያቱን ካወቅኩ በሚቀጥለው አልሳሳትም” ይላል።

ሰለሞን የሚባል የእህቱ ልጅ አለ። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገው ጋሽ ዘሪሁን ነው። ይህ ልጅ አስቴር የምትባል አስተማሪ ወደደ። ቤተሰቦቿ ከሰበታ ወዲያ፣ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ነበርን፦ ጋሽ ዘሪሁን ዋና ተናጋሪ፣ የሰፈራችን ካህን ቄስ አየለ፣ እኔ ደግሞ ቁጥር ማሟያ።

የመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው በአውቶቡስ ሄድን። የልጅቷ አባት አቶ ቶሎሳ ኮስታራ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ “ከዘመድ ልምከር” ብለው ከወር በኋላ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ አራት ሰዓት ላይ ቀጠሩን። ሲሸኙን በር ላይ ቆም ብለው፣

“ዘመዶቼን ሰብስቤ እጠብቃችኋለሁ። ቀጠሮዬን የማያከብር ቤተሰብ ልጄን አያከብራትም” አሉን።

ይህን ስንነግረው ሰለሞን ፊቱ ተለዋወጠ። አስቴርን ለማግባት ሌላ ጠያቂ መኖሩንም ሰምቶ ነበር። ወሩን ሙሉ እህል አልቀምስ ብሎ ከረመ።

ቀኑ ሲቃረብ ጋሽ ዘሪሁን ምን ቢል ጥሩ ነው? “በብስክሌቱ ነው የምንሄደው። ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ሰው ጭኖም ይደርሳል።” ቄስ አየለ “እኔ በአውቶቡስ እቀድማችኋለሁ” ብለው ተገላገሉ። እኔ ግን በሰው ግቢ እየኖርኩ እምቢ ማለት አልቻልኩም። የልቤን በሆዴ ተሳደብኩና እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት “መንገዱን ልየው” ብሎ በግማሽ ባትሪ እስከ ዓለም ገና ደርሶ መጣ፤ ባትሪውም ባዶ ሆነ። ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። መብራቱ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ጋሽ ዘሪሁን በረንዳው ላይ ባለው ሶኬት ባትሪውን ሰክቶ፣ “እስኪነጋ ይሞላል” ብሎ በጊዜ ተኛ።

አሁን የምዘለው ቦታ ላይ ደረስኩ።

የእኛ ቤት ሶኬት ተቃጥሎ ነበር። የሚሠራው የበረንዳው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ደመወዜ ትንሽ ቢሆንም ልብሴ ሳይተኮስ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ለሽምግልና ልብሱ ተጨማዶ የሚሄድ ሰው እንደሆንኩ አቶ ቶሎሳ እንዲያስቡ አልፈለግኩም። ባትሪውን ነቀልኩና ካውያዬን ሰካሁ። ነጭ ሸሚዜን ተኮስኩ፣ ሱሪዬን ተኮስኩ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ስላላማረኝ እንደገና ደገምኩት። ባለቤቴ ለራት ጠራችኝ። ካውያውን ነቅዬ ገባሁ። ባትሪውን እርግፍ አድርጌ ረሳሁት።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ደነገጥኩና ቶሎ መልሼ ሰካሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ዘሪሁን ጋቢውን ለብሶ ወጣ፣ ነቀለውና መሪው ላይ ያሉትን ሦስት ትንንሽ መብራቶች አየ። ሦስቱም በርተዋል። ገና የተነቀለ ባትሪ ሳይሞላም እንደሚያታልል ያወቅኩት ኋላ ነው።

“ሙሉ ነው!” አለ፣ እጁን እያሻሸ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስሳለቅበት ከርሜ “ሆን ብለህ ነው” ቢለኝስ? ደግሞስ ሦስቱም በርተዋል፤ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ በላይ እኔ ምን አውቃለሁ? መልሼ ዘጋሁት።

በለቡ አድርገን ወደ ጅማ መንገድ ወጣን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ ትራስ አንጥፌ፣ ሸሚዜ አቧራ እንዳይነካው ኮቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ተቀምጫለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሴቶች ቆመው አዩን። አንዷ አማተበች። ጋሽ ዘሪሁን ደወሉን እየደወለ ለሁሉም በጭንቅላቱ ሰላምታ ይሰጣል። የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

ዓለም ገና ስንደርስ አንዱ መብራት ጠፋ። ብዙም ሳንርቅ ሁለተኛው ተከተለ። ጋሽ ዘሪሁን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ሰበታ አንድ ሻይ ቤት ገብቶ ሶኬት ለመነ። አሳላፊው ብስክሌቱን፣ ከዚያ እኛን አየና “መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም አባባ” አለው። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ሦስተኛውም ጠፋ። ሙሽሪት ቀጥ አለች።

ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ባትሪ የጨረሰ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከብስክሌትም ከበሬም አይቆጠርም፤ የብረት ጭነት ነው። በፔዳል ሞከረው፤ ከኋላው እኔ ሳልኖር እንኳን መቶ ሜትር አልሄደም። የሚያልፉት አውቶቡሶች ሁሉ ጢም ያሉ ናቸው። የቆመልን አንድ ሚኒባስም ብስክሌቱን አልጭንም አለ።

“ጋሼ፣ ገበሬ ቤት አስቀምጠነው እንሂድ” አልኩት።

“የሰው ስጦታ ነው፣ የትም አልጥለውም” አለ።

ብቻዬን ቀድሜ ብሄድ ደግሞ ዋናው ተናጋሪ ሳይኖር አንድ ቃል አይወጣንም። ስለዚህ እሱ እየገፋ፣ እኔ ከጎኑ እየተራመድኩ ሄድን። አልገፋሁለትም። ሸሚዜ ይበላሻል። በምትኩ በአፌ ነበር የማግዘው። “ሃምሳ ኪሎ ሜትር!” እላለሁ። “ምነው፣ ዛሬም ነፋስ አለ እንዴ?” እላለሁ። ጤፍ የጫኑ አህዮች አልፈውን ሲሄዱ “ጋሼ፣ የእነዚህ ባትሪ ጥሩ ነው” አልኩት። ጥፋቴን ባሰብኩ ቁጥር ምላሴ እየባሰ ሄደ።

ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ላቡ በግንባሩ እየወረደ ይገፋል። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊቱን ለሽንት ስትወጣ መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?”

“እኔ ምን አውቄ ጋሼ፣ ተኝቼ ነው ያደርኩት” አልኩት።

“አይ፣ ምክንያቱ አልገባኝ ብሎ ነው” አለና መግፋቱን ቀጠለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ቄስ አየለ ከአቶ ቶሎሳ በር ፊት ለፊት፣ ከግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሦስታችን ሳንሟላ መግባት ስለማይሆን ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። “ዘመዶቻቸው ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ” አሉን። ጥላቸውን አጥፈው ተነሱ፤ ወደ እኛ ግን ቀና ብለው አላዩም።

አቶ ቶሎሳ ወጡ። መጀመሪያ ብስክሌቱን አዩ፣ ቀጥሎ በአቧራና በላብ የተለወሰውን ጋሽ ዘሪሁንን። በመጨረሻ እኔን። እኔ ያን ጊዜ ኮቴን ከፍቼ ኮሌታዬን እያስተካከልኩ ነበር።

“አንተ ደግሞ ከሰርግ ነው የመጣኸው?” አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። ወደ ጋሽ ዘሪሁን ዞሩ። “ስንት ሰው ፊት አዋረዳችሁኝ። እኔ ልጄን ልሰጥ ሰው ሰበሰብኩ፣ እናንተ መጫወቻ እየገፋችሁ መጣችሁ። በሉ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ እዚህ ልጅ የለም።” የበሩን ቆርቆሮ ያዙት።

ጋሽ ዘሪሁን ብስክሌቱን ለቀቀው። ያ በጥርስ ብሩሽ የሚጸዳው ብስክሌት አቧራ ላይ ወደቀ። ሄዶ ከአጥሩ ሥር አንድ ደህና ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ በሩ ፊት ቆመ።

“ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው” አለ። “ልጁ የለበትም። እነዚህ አብረውኝ የመጡትም የሉበትም። ባትሪውን በደንብ ሳላየው የተነሳሁ እኔ ነኝ። በእኔ ቅሌት እናት የሌለውን ልጅ አይቅጡብኝ።”

ቄስ አየለ መስቀላቸውን አውጥተው ከጎኑ ቆሙ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ድንጋዩ አንገቱን ወደ ታች ሲጫነው ይታየኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። “የነቀልኩት እኔ ነኝ” ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? ከድንጋይ ይከብዳል እንዴ? አልተናገርኩም። እጆቼን አጣምሬ፣ እንደ ንጹሕ ሰው መሬት መሬት አየሁ።

ከጓሮ አስቴር ስታለቅስ ይሰማል። በመጨረሻ አቶ ቶሎሳ መጥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከማጅራቱ አነሱና ወረወሩት።

“ለእህቱ ልጅ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ቤት ልጄ ብትገባ አትጎዳም” አሉ። “ግቡ። ያን ጉድ ግን ከግቢዬ ውጭ ተዉልኝ፣ በሬዎቼ ይደነግጣሉ።”

በዚያው ቀን ልጅቷ ተፈቀደች። በማግስቱ ብስክሌቱ በጭነት መኪና ተመለሰ። ጋሽ ዘሪሁን ከዚያ በኋላ ከላፍቶ አውጥቶት አያውቅም። “ባትሪው አይታመንም፣ እኔም አልታመንም” አለ። ብስክሌቱ አንሶላውን ለብሶ በረንዳው ላይ ቀረ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ለቆራሌው ሰጠው።

እኔ ግን ታሪኩን ማውራት የጀመርኩት በሰርጉ ዕለት ነው። አህዮቹን፣ አሳላፊውን፣ ኋላ ላይ ድንጋዩንም ሳይቀር እየጨመርኩ። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ጋሽ ዘሪሁንም አብሮ ይስቃል። ሰፈሩ “ዘሪሁን ሃምሳ ኪሎ” ብሎ ሲጠራው አቤት ይላል።

ባለፈው ዓመት ቤቱ ሲታደስ ዕቃ ሳወጣ ያ ደብተር እጄ ገባ። የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩት። “ተፍኪ መንገድ። ሰበታን አልፎ ቆመ። ምክንያት፦” ይላል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ምንም ያህል ሰው ቢስቅበት፣ ያላወቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ አልጻፈም። እኔ ስንት ዓመት የሳቅኩበት ሰው ይህ ነው። አሁን ሳስበው የምንቀው ብስክሌቱንም እሱንም አይደለም። የምንቀው ያን ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን ሰውዬ ነው።

ጋሽ ዘሪሁን ዛሬም በሕይወት አለ። ጋዜጣ ሲያገኝ መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ ማስታወቂያው ድረስ ያነባል፤ ለጋዜጣው የላክኳትን ይህችን ገጠመኝም እንደማያልፋት አውቃለሁ። ፊት ለፊት ለመንገር አሁንም ወኔ የለኝም። ደብተሩን ግን አልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከብዕር ጋር አስቀምጬለታለሁ።

ጋሼ፣ ምክንያቱ የእኔ ካውያ ነው። ጻፈው።