ዜሮ በግዕዝ እንዴት ይጻፋል

ባሌ የሞተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ትምህርት ሲከፈት ፍኖተ ሰላም ወደማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር እንደለበስሁ ተመለስሁ። ያኔ ሒሳብ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነበር። የኔ ሥራ ቴሌቪዥኑን መክፈት፣ በእንግሊዝኛ የተባለውን በቀረችው ጊዜ በአማርኛ መድገም፣ ከዚያ መዝጋት ነው። ብዙ መናገር ስለማይጠይቅ ተስማምቶኝ ነበር።

አባቴ ብቻዋን አትሁን ብለው ከአገራችን ከፈረስ ቤት መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። መሪጌታ ናቸው፤ ሐዘንተኛ ማጽናናት ያውቁበታል። እኔ ግን ስለማላለቅስ ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ገባቸው። ሲመክሩኝ «እሽ አባየ» እላለሁ፤ ብይ ሲሉኝ እበላለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ዛሬ ምን አስተማርሽ?»

ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«ዜሮን። አንድን ቁጥር ለዜሮ ማካፈል እንደማይቻል።»

«ለምን አይቻልም?»

አጠገባቸው ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥሁ ነገርኋቸው። አንድን ገመድ አጫጭር አድርገን ብንቆርጠው ቁራጩ ይበዛል። ይበልጥ ባሳጠርነው ቁጥር ይበልጥ ይበዛል፤ ማብቂያ የለውም። ርዝመት የሌለው ቁራጭ እንቁረጥ ካልን ግን ቢላውን ከየት እንደምናሳርፍ እንኳ አናውቅም።

«በግዕዝ ባዶ የሚባል ቁጥር የለም» አሉ። «ከአሐዱ ይጀምራል። አሥርም መቶም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ሊቃውንቱ የሌለን ነገር ምን ብለን እንጽፈዋለን ብለው ይሆናል።»

«ማብቂያ የሌለውንስ?»

«ለዓለመ ዓለም እንላለን። በዜማ ሲባል ይረዝማል እንጂ እሱም ያልቃል።»

ሊያስቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥን ይህንኑ እናወራ ጀመር። ሁለታችንም እውቀቱ የለንም። እኔ የማውቀው መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው፤ እሳቸውም ቁጥር የሚያነሡት የበዓላትን ቀን ለማውጣት ባሕረ ሐሳብ ሲያስቡ ብቻ ነው። አንድ ቀን የባሌ ነገር ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አባየ፣ እሱ ከመወለዱ በፊት ያለው ጊዜ መጀመሪያ የለውም። ከሞተ በኋላ ያለውም ማለቂያ የለውም። የኖረባት ዕድሜ ለዚያ ሁሉ ብትካፈል ዜሮ ናት።»

«ሒሳቡ ነው እንዲያ የሚለው?»

«ሒሳቡ ነው።»

«አንችስ?»

«እኔ ምንም አይሰማኝም። ሐዘኑ ይመጣል ብየ እጠብቃለሁ፤ አይመጣም።»

ጥቅስ ይጠቅሱልኛል ብየ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እናትሽ ስትሞት እኔም እንዲያ ነበርሁ» አሉ። «ማኅሌት እቆማለሁ፤ አፌ ይላል እንጂ እኔ የለሁበትም።»

«መቸ ለቀቀዎ?»

«እንጃ ልጄ። አላስታውሰውም።»

ከጥምቀት በኋላ ተማሪዎቻቸው ስለላኩባቸው መሄድ ግድ ሆነባቸው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። መኪናው እስኪሞላ ግንቡ ጥግ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምክር አልሰጡኝም። ሲሳፈሩ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ እሳቸውም ግንባሬን ሳሙኝ። መኪናው ወጣ።

ቤት ገብቼ የተኙበትን አንሶላ አጠብሁና አሰጣሁት። ፀሐዩ ጥሩ ስለነበር ቶሎ ደረቀ። አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትሁትና የማግሥቱን ትምህርት ላነብ ተቀመጥሁ።