የኪስ ተኩስ በድሬዳዋ ገበያ

ማክሰኞ፣ ንጋት፤ ለገሃር

ጎህ ሲቀድ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሦስተኛ ማዕረግ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ ከጎኔ ዶሮ የታቀፉ እናት። መርካቶ ውስጥ የእጅ ሰዓት እሸጣለሁ። ከአብዮቱ ወዲህ ሰዓት የሚገዛ ጠፍቷል፤ ሰዉ ለስብሰባ የሚጠራው በጥሩምባ ነው። ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር ሆኗል፦ በጅቡቲ በኩል ድሬዳዋ የገባ፣ መዳፍ የሚያህል፣ በባትሪ የሚሠራ የተኩስ ጨዋታ። ገበያውን በዓይኔ ላየው እየሄድኩ ነው። ካልሸጥኩት ሱቁን እዘጋለሁ።

አዋሽ ላይ ኮት ወለቀ። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ገባ።

ከሰዓት በኋላ፤ ድሬዳዋ

ጣቢያው በር ላይ አንድ ባለጋሪ ጠራኝ።

«ወሪያ! ከዚራ ነው መጋላ?»

«መጋላ፣ ገበያው ሰፈር።»

«ለጨዋታው ነዋ!»

«በምን አወቅህ?»

«አቦ፣ ባዶ ሻንጣ ይዞ ከአዲሳባ ለሙቀቱ የሚመጣ አለ እንዴ?»

ረቡዕ፣ ጠዋት፤ መጋላ

ወይዘሮ ከድጃ የጅቡቲ ዕቃ በቤታቸው የሚሸጡ ሶማሊ ነጋዴ ናቸው። ምንጣፍ ላይ አስቀምጠውኝ ካርቶን ከፈቱ።

«የቱ ይሸጣል?» አልኳቸው።

«ተኩስ ያለበት። ዓሣ የሚያጠምድም አለ፣ ማንም አይነካው።»

«ልጆች ናቸው የሚገዙት?»

«ልጅ በምኑ ይገዛል? ጫት ይዘው በርጫ ላይ የሚቀመጡ ወንዶች ናቸው። ወላሂ፣ ባትሪው ሲያልቅ እኔን ይሰድባሉ።»

ዕቃውን የሚሞክርላቸው ጥግ ላይ አቀርቅሮ የተቀመጠው ልጃቸው አብዲ ነው። ለውትድርና የደረሰ ጎረምሳ ስለሆነ አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ከቤት አልወጣም። ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ሲመታ ይውላል። ድሬ ውስጥ የሚስተካከለው የለም አሉ፤ ሌላ ሥራም የለው።

በሩ ተደበደበ። አብዲ ጨዋታውን እንደያዘ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። ጠመንጃ ያነገቱ አንድ ሸምገል ያሉ አብዮት ጥበቃ ዘው ብለው ገቡ።

«ልጅሽ የት አለ?»

«ሐረር፣ አክስቱ ጋ።»

ይሄኔ ከላይ «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» የሚል ድምፅ መጣ። ጨዋታው ማጥፊያ የለውም፤ ዙሩ እስኪያልቅ ይጮኻል። እኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ከካርቶኑ አንድ አንስቼ በሁለት አውራ ጣቴ መተኮስ ጀመርኩ። ጢጥ፣ ጢጥ። ወዲያው ሞትኩ። እንደገና ጀመርኩ።

ሰውየው አጎንብሰው አዩኝ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚተኮሰው? እስቲ አምጣ።»

እውነተኛውን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ አስደግፈው በሐሰተኛው ይተኩሱ ጀመር። እኔም ሌላ አነሳሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለን አውሮፕላን አረገፍን። ከላይ ያለው ድምፅ ቆመ። ሰውየው እስኪጠግቡ ተጫውተው ጨዋታውን «ለምርመራ» ብለው ኪሳቸው ከተቱትና ጠመንጃቸውን አነሱ።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ከድጃ፣ ኮርኒስሽ ውስጥ አይጥ አለ። ነገ ከሌሎች ጋር ነው የምንመጣው። ዛሬውኑ አስወጪው።»

ሄዱ። ወይዘሮ ከድጃ የቆሙበት ቁጭ አሉ። አብዲ ከኮርኒሱ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት፤ አቧራ የለበሰ፣ ረጅም፣ ፀሐይ ያላየ ፊት።

ሐሙስ፣ ንጋት፤ ባቡር ጣቢያ

ወይዘሮ ከድጃ ካርቶኑን ሁሉ በጋሪ ይዘው መጡ።

«ሁሉንም ውሰድ። ይሄን ድምፅ ዳግመኛ ቤቴ አልሰማም።»

«አብዲስ?»

«ከዘመዶቻችን ግመሎች ጋር ወደ ጠረፍ ወጣ። እስካሁን ሺኒሌን ሳያልፍ አይቀርም።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ስንት ዓመት የጅቡቲን ዕቃ ሸጥኩ፤ አገሩን አላየሁትም። ሙቀቱ ከዚህ ይብሳል ይላሉ።»

እኔም አላየሁትም። «ባሕር አለው እኮ፣ ይነፍሳል» አልኳቸው።

«ይነፍሳል?»

«ይነፍሳል።»

ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። በመስኮት እጄን አወዛወዝኩ፤ አላዩኝም። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ሐዲድ እያዩ ነበር።