አሜን የተባለበት መሬት

ላሊበላ ከተማ ጥግ፣ አስፋልቱ ዳር የነበረውን የገብስ ማሳውን ማዘጋጃ ቤቱ ሲወስድበት አባቴ አልተቆጣም። እኔ ተቆጣሁለት። «ለመናኸሪያ ነው» ሲሉት ልቡ ወዲያው ራራ፤ ከገነተ ማርያም በእግሩ መጥቶ፣ መኪና ሲጠብቅ ፀሐይ ላይ የሚንቃቃ ሰው ሁልጊዜ ያሳዝነዋል። ስለ ካሳው ባልናገር ይሻላል፤ ጠዋት ተነስቼ የምሠራው ሥራ አለኝ፣ በባዶ ሆዴ ደሜን ማፍላት አልፈልግም።

የርክክቡ ቀን ባለሙያዎቹ ለክተው፣ ችካል ቸክለው ሊሄዱ ሲሉ አባቴ «ቆዩ እንጂ» አላቸው። እኛ አገር ትልቅ ነገር ያለ ምርቃት አይቋጭም። ኮፍያቸውን አስወልቆ፣ መዳፋቸውን አስዘርግቶ መረቀ።

«የደከመው ይረፍበት!»

«አሜን!»

«ፀሐይ የመታው ይጠለልበት!»

«አሜን!»

«የብዙ ሰው ያድርገው!»

«አሜን!»

አለቃቸው ከሁሉም በላይ ጮኾ አሜን አለ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አባቴን የሚችለው ጠፋ። በየዝክሩ፣ በየሰንበቴው «መናኸሪያዬ» ማለት ጀመረ። መናኸሪያው ግን ሰሌዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ክረምት መጥቶ ክረምት ሄደ፤ ሣሩ አደገ፣ የሰፈሩ ላሞች ሰሌዳውን መታከኪያ አደረጉት። እናቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «መናኸሪያህ ለምልሟል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የሊዝ ጨረታ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የአባቴ ማሳ ለሆቴል ቀርቧል። እየሮጥሁ ቤት ገብቼ አቤቱታ ልጽፍ ስቀመጥ አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ምን ብለሽ ልትከሺ ነው?»

«ለመናኸሪያ ብለው ወስደው ሊሸጡት ነዋ!»

«አሜን ብለዋል እኮ።»

«አባዬ፣ አሜን ፍርድ ቤት አይቀርብም!»

«እዚያ ባይቀርብም ወደ ላይ ደርሷል። የሚገዛው ሰው ከነምርቃቱ ነው የሚገዛው» አለና ጋደም አለ። ጮኽሁ፣ ለመንሁ፣ አኮረፍሁ፤ ወይ ፍንክች። ያለ እሱ ፊርማ ደግሞ አቤቱታዬ ዋጋ አልነበረውም።

ከወልድያ የመጣ ነጋዴ ጨረታውን አሸነፈና ባለ ፎቅ ሆቴል ሠራ፤ ከፊቱም ሰፊ በረንዳ አወጣለት። ሆቴሉ በተከፈተ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ሄዶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ «ኑ፣ መጠበቂያው እዚህ ነው» ይላል። ሰውም አመነው፤ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ ለምን ብሎ ይዋሻል? በሳምንቱ በረንዳው በዶሮ፣ በገብስ ከረጢትና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚሄዱ ተሳላሚዎች ሞላ። ሰው ባለበት መቆም የሚኒባስ ልማዱ ነውና ወደ ፍላቂት የሚሄደው ሚኒባስም መጥቶ ቆመ።

የሆቴሉ ባለቤት ከውስጥ እየተጣደፈ ወጣ። ዛሬ አባቴን ገፍትሮ ያስወጣዋል ብዬ እኔም ለጠብ እጅጌዬን ሰበሰብሁ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የግል ሆቴል ነው» አለው።

«አውቃለሁ ልጄ። መሬቱ ግን የተመረቀው ለመንገደኛ ነው። አሜን ብለውበታል፤ ሳይነግሩህ ነው የሸጡልህ?»

ነጋዴው ወደ አባቴ አየ፣ ወደ ተሳላሚዎቹ አየ። የሽማግሌ ምርቃት መጣስ ምን እንደሚያመጣ ወልድያም ያውቁታል። ትንሽ አሰበና አስተናጋጁን ጠርቶ አግዳሚ ወንበር አስወጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ያቃተውን መናኸሪያ አባቴ ከመቀመጫው ሳይነሳ ከፈተው። እኔም ለሰው ሁሉ እያወራሁ ከተማውን አዳረስሁት፤ አሸነፈ አልሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ላየው ሄድሁ። ሚኒባሱ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አባቴን ተጣራ።

«አባባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን፤ ይግቡ እንጂ! ወዴት ነዎት?»

«የትም አልሄድ። እርሻዬ ላይ ነኝ» አለው።

ረዳቱ ቀልድ መስሎት እየሳቀ በሩን ዘጋ። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ መሬቱ የቆጨው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁና ድንበሩ የት ጋ እንደነበር ጠየቅሁት። በዱላው የበረንዳውን ሲሚንቶ እየነካካ አሳየኝ፤ እኔ እግር ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ገብሱ ከዚህ ይጀምራል» አለኝ።

እግሬን አነሳሁለት።